ቡና ሲቆላ የሚጮኸው ዘበኛ



የኮሚኒቲያችን አስተባባሪዎች እዚህ አሜሪካ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእናንተ ፊት እንድናገር ጋብዘውኛል። የተሰጠኝ ርዕስ «የጭስ አላርምና የቤታችን ደህንነት» የሚል ነው። እኔ የምተዳደረው በአፓርትመንት ጥገና ነው። ቧንቧ ስጠግን፣ መብራት ስቀይር፣ የብዙ ሰው ቤት እገባለሁ። ከሥራው የተነሣ ቤት በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮርኒሱ ላይ ነው። የወገኖቼ ቤት ኮርኒስ ላይ የማየውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ቤት አላርሙ ፌስታል ለብሷል። ሌላው ቤት ክዳኑ ተንጠልጥሎ ባትሪው የለም። ሌላው ቤት ደግሞ ኮርኒሱ ላይ የቀረው ክብ መስቀያው ብቻ ነው፤ አላርሙ ራሱ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

አትሳቁ፤ የሳቃችሁት የራሳችሁን መሳቢያ አስታውሳችሁ መሆኑን አውቃለሁ።

ዛሬ የምለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በእኛ ቤት የጭስ አላርምን ዝም የምናሰኘው ራሳችን ነን። ዝም የምናሰኘውም ቡና ስንቆላ፣ ቁሌት ስናቁላላ፣ ዕጣን ስናጨስ ነው። ቡናችሁን ተዉ የሚል ሰው አልመጣባችሁም። ቡናውንና አላርሙን እንዴት እንደምናስታርቃቸው እንድንነጋገር ነው የመጣሁት። ንግግሬን በአምስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ አላርሙ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሁለተኛ ዝም ስናሰኘው ምን እንደሚከተል፣ ሦስተኛ ከወጥ ቤታችን ጋር እንዴት እንደሚታረቅ፣ አራተኛ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አምስተኛ ሲጮህ ምን እንደምናደርግ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። አላርሙ ለምን ያስፈልጋል?

አብዛኞቻችን ያደግንበት ቤት የጭስ አላርም አልነበረውም። በብዙ ግቢ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ይሠራ ነበር፤ ጭሱም በበሩና በጣሪያው ሥር መውጫ አያጣም። ስለዚህ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ሰው ይገድላል ብለን አላደግንም። አሁን የምንኖርበት ቤት ግን ሌላ ነው። ብርድ ከገባ መስኮቱ ለወራት አይከፈትም። ሶፋው ስፖንጅ፣ ምንጣፉ ናይለን፣ መጋረጃው ፖሊስተር ነው። እነዚህ ነገሮች ሲነዱ ቶሎ ይጋያሉ፤ ጭሳቸውም ጥቁርና መርዘኛ ነው። ዩ ኤል የተባለው የዚህ አገር የደህንነት ምርምር ድርጅት እንደሚለው፣ ከ40 ዓመት በፊት እሳት ከተነሣበት ቤት ለመውጣት 17 ደቂቃ ገደማ ይገኝ ነበር። ዛሬ የሚገኘው 3 ደቂቃ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው።

ሦስት ደቂቃ ለነቃ ሰው ይበቃ ይሆናል። ለተኛ ሰውስ? «ጭስ ቢሸተኝ እነቃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የጭስ ሽታ ግን የተኛን ሰው ይቀሰቅሳል ተብሎ አይታመንም፤ እንዲያውም ከጭሱ ጋር ያለው ጋዝ እንቅልፉን ያከብደዋል። በዚህ አገር በቤት እሳት ከሚሞተው ሰው ግማሽ ያህሉ የሚሞተው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ በሚነሣ እሳት ነው። ያን ጊዜ ነቅቶ የሚያድር አላርሙ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። አላርም እሳት አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩበት። እሳቱ የተነሣበትን ቤት ነዋሪ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የጭስ አላርም ነበር፤ ወዲያውም እሳት አደጋ ጠራ። ሕንጻውን የፈጀው ከውጪ የተለበጠበት ተቀጣጣይ ነገር ነው። አላርሙ የሚሰጠን ደቂቃ ነው፤ በደቂቃው መጠቀም የእኛ ፋንታ ነው። ደቂቃውንም የሚሰጠን በሕይወት ካለ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ይኸው ነው፦ ዝም ስናሰኘው ምን ይከተላል?

በእኛ አቆጣጠር በ2014 የገና ሰሞን የሆነውን ላስታውሳችሁ። ገናን ልናከብር ሁለት ቀን ሲቀረን፣ በጃንዋሪ 5 ቀን 2022፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ፌርማውንት በተባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቃጥሎ 12 ሰው ሞተ። ዘጠኙ ልጆች ነበሩ። ቤቱ አላርም አልጎደለውም ነበር። በኋላ ሲጣራ ግን አላርሞቹ አንዳንዶቹ ከመሳቢያ ተገኙ፤ ከአንዳንዶቹም ባትሪው ወጥቷል።

ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በጃንዋሪ 9፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ባለ 19 ፎቅ ሕንጻ ላይ እሳት ተነሣ። መነሻው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። 17 ሰው ሞተ፤ ስምንቱ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ሟቾች ከጋምቢያ የመጡ፣ እንደ እኛው ስደተኞች ነበሩ። የገደላቸውም ጭስ ነው፤ መዘጋት የነበረበት በር ክፍት ቀርቶ ጭሱ በደረጃው ወደ ላይ ወጣባቸው። በዚያ ሕንጻ አላርሙ ጮኋል። ነገር ግን ነዋሪዎቹ እንደተናገሩት፣ አላርሙ በየጊዜው በሆነው ባልሆነው ይጮህ ስለነበር የዚያን ቀንም ብዙ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ ቤት አላርሙ ዝም ተሰኝቷል። በሌላው እየጮኸ የሚሰማው አጥቷል። የሁለቱም ሥር አንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ያለ ምክንያት የሚጮህ አላርም ሰውን ያሰለቻል። የዚህ አገር ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እንደሚለው፣ በቤት እሳት ከሚሞቱ አምስት ሰዎች ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት አላርም በሌለበት ወይም አላርሙ በማይሠራበት ቤት ነው። አላርም ኖሮ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ ዋናው ምክንያት ባትሪው የወጣ፣ የተነቀለ ወይም ያለቀ መሆኑ ነው። ይህን የሚያደርገው የሰው እጅ ነው።

የሰው እጅ ስል የእኔና የእናንተን እጅ ማለቴ ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና ይቆላል፤ አላርሙ ይጮሃል፤ ልጅ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ያወጣል። «በኋላ እንመልሰዋለን» ይባላል። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይጠጣል፣ በረካ ይጠጣል፣ እንግዳ ይሸኛል። ባትሪው ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀርና በማግስቱ የልጅ መጫወቻ ውስጥ ይገባል። አላርም እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ዘበኛ አክስታችሁን በር ላይ አስቁሞ «ማን ልበል?» ስላለ ታባርሩታላችሁ? አክስት መሆናቸውን ትነግሩታላችሁ እንጂ። አላርሙም ቡናን ከእሳት አይለይም፤ እንዲለይ የምናግዘው እኛ ነን።

ሦስተኛው ነጥብ የእርቁ ጉዳይ ነው። ቡናውና አላርሙ እንዴት ይታረቁ?

በመጀመሪያ የአላርሙን ዓይነት እወቁ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ አዮናይዜሽን ይባላል፤ ውስጡ አሜሪሲየም 241 የተባለ እጅግ ጥቂት ንጥረ ነገር አለ። ነበልባል ያለውን እሳት ፈጥኖ ያውቃል፤ ከወጥ ቤት የሚነሣውን ስስ ጭስም እንዲሁ ፈጥኖ ስለሚያውቅ ቡና ሲቆላ ቶሎ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛው ፎቶኤሌክትሪክ ይባላል፤ በብርሃን ጨረር ይሠራል። ሶፋ ወይም ፍራሽ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ የሚቆየውን እሳት ቀድሞ ይይዛል፤ ወጥ ቤት አካባቢም በከንቱ የመጮህ ጠባዩ ያነሰ ነው። የቱ እንደሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ለወጥ ቤት የሚቀርበውን ስትገዙ ፎቶኤሌክትሪክ ይሁን።

ቀጥሎ ቦታው ነው። አላርም ከምድጃ ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ከሻወር ቤት በርም ይራቅ፤ እንፋሎትም ያስጮኸዋል። ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ የምትጋግሩ እህቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚጮኸው ለዚህ ነው። መኖር ያለበት ግን በየመኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጪ ባለው መተላለፊያ፣ በየፎቁና በቤዝመንት ነው። ቦታው ከተሳሳተ ቦታውን አስቀይሩ እንጂ አትንቀሉት። ከመብራት ጋር በሽቦ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትነካኩት፤ ለማኔጅመንት ንገሩ።

ከዚያ አቆላላችን ነው። ቡናውን ሳሎን መሐል ሳይሆን ምድጃው ላይ ቁሉትና ሲሸት እንግዶቻችሁ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ማራገቢያውን አስቀድማችሁ አብሩት። እዚህ ላይ ከሥራዬ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ በብዙ አፓርትመንት ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጪ አያወጣም፤ በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል። ስለዚህ መስኮትም ክፈቱ፤ ማጣሪያውንም ቅባት ሳይደፍነው እጠቡት። ዕጣን ስታጨሱ ማጨሻው ከአላርሙ ሥር አይሁን፤ ወደ መስኮቱ ይጠጋ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢጮህ፣ በብዙ አላርም ላይ ለአፍታ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለ። አንድ ጊዜ ብትጫኑት ለ10 ደቂቃ ያህል ዝም ይልና ራሱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ባትሪ ማውጣትና ይህን ቁልፍ መጫን ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪውን መመለስ ሰው ይረሳል፤ ቁልፉ ግን አይረሳም።

አራተኛው ነጥብ፦ አላርሙን እንዴት እንጠብቀው?

በየወሩ መሞከሪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ቀን እንዳይረሳችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣው ገብርኤል ነው እንላለን፤ በየወሩ በ19 አላርማችሁን ሞክሩ። ሙስሊም እህቶቼና ወንድሞቼ ደግሞ አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር ሞክሩ። እጃችሁ ካልደረሰ ወንበር ላይ አትውጡ፤ በመጥረጊያ እጀታ ጫፍ ይጫናል። አቧራውንም በቫኪዩም ጥረጉለት፤ ቤት ሲቀባም ቀለም አይንካው።

ባትሪው የሚቀየር ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ቀይሩት። በእንቁጣጣሽ አድርጉት፤ ለመርሳት አይመችም። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ይሠራል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በባትሪ ብቻ የሚሠራ አላርም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የታሸገ ባትሪና ዝም ማሰኛ ቁልፍ ያለው እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ሕጉ የወጣው ባትሪ የሚያወጣ ሰው ስለበዛ ነው።

አላርም ራሱም ያረጃል። ጀርባውን ገልብጣችሁ የተሠራበትን ቀን አንብቡ። 10 ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ ከገዛችሁበት ወይም ወደ ቤቱ ከገባችሁበት ቀን አይደለም። 2014 የሚል የፈረንጅ ዓመት ካነበባችሁ፣ ቁልፉ ሲጫን ቢጮህ እንኳ ዕድሜው በ2024 አልቋል፤ ይቀየር። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ኢሜይልም ይሁን ቴክስት፣ የተጻፈ ነገር ይኑራችሁ።

አሁን ደግሞ ድምፁን እንለይ። ሦስት ጊዜ ጮሆ ፋታ የሚወስድ ከሆነ፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ጭስ ነው። በየ30 ሰከንዱ ወይም በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጪጵ የሚል ከሆነ ባትሪው እያለቀ ወይም አላርሙ እያረጀ ነው። ሌሊት የሚጀምረው ሊያስቸግራችሁ ብሎ አይደለም፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ ኃይሉ ይወርዳል። ያን ሌሊት ነቅላችሁ ብትጥሉት፣ ሲነጋ አዲስ ባትሪ ሳትገዙ አትዋሉ።

አራት ጊዜ ጮሆ ፋታ የሚወስድ ከሆነ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በእኛ ቤት የሚገባበትን በር ታውቁታላችሁ፤ ከሰል ነው። ቡናው በከሰል ካልፈላ ጣዕም የለውም የሚሉ አሉ። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ጋራዥም ይሁን ቤዝመንት፣ ፈጽሞ አይቀጣጠልም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ማዕበል መብራት ሲጠፋባት፣ ብዙ ሰው ሙቀት ፍለጋ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጠለ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነሣ። በዚህ ጋዝ ከሞቱት መካከል የእኛው ወገኖች ነበሩበት። ስለዚህ ከጭስ አላርሙ ጎን የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም ይኑራችሁ። ሁለቱን በአንድ የያዘም ይሸጣል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፦ አላርሙ ሲጮህ ምን እናድርግ?

የሚያስፈልገው አስቀድሞ የተነጋገረ ቤተሰብ ነው። ከየክፍሉ የሚወጣባቸውን ሁለት መንገዶች እወቁ። ልጆቹን ማን እንደሚያወጣ ተከፋፈሉ። ውጪ የምትገናኙበትን ቦታ፣ አንድ ዛፍ ወይም የፖስታ ሳጥን፣ ምረጡ። ልጆች በአላርም ድምፅ ላይነቁ ይችላሉ፤ አላርሙ ይቀሰቅሳቸዋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ሄዳችሁ ቀስቅሷቸው። ሌሊት የመኝታ ክፍል በር ዘግቶ መተኛት ልመዱ፤ የተዘጋ በር ጭስንና ሙቀትን ያዘገያል። ስትወጡ ዝቅ ብላችሁ ውጡ፤ ከኋላችሁ በሩን ዝጉ፤ ሊፍት አትግቡ። ወጥታችሁ ለፓስፖርትም ለወርቅም አትመለሱ። ፎቅ ላይ ሆናችሁ በሩ ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ አትክፈቱት፤ በሥሩ እርጥብ ፎጣ ወትፋችሁ በመስኮት ምልክት ስጡ።

አንድ የምንረሳው ሰው አለ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት አሉ እንበል። ቀን ቀን ከሕፃኑ ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። ያን ድምፅ በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም። ሲጮህ ምን እንደሆነ ማን ነገራቸው? የበሩን መቆለፊያ መክፈትስ ማን አሳያቸው? በመጡ በሳምንቱ ቁልፉን ተጫኑና ድምፁን አሰሟቸው፤ «እማዬ፣ ይህን ከሰማሽ ልጁን ይዘሽ ውጪ» በሏቸው። 911 ደውለው «አማሪክ» ቢሉ አስተርጓሚ እንደሚፈለግላቸውም ንገሯቸው። ጆሯቸው ለደከመ አባቶችም መብራት የሚያበራና አልጋ የሚያንቀጠቅጥ አላርም አለ።

«ገንዘቡስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ቀይ መስቀል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ መልክ አላርም በነፃ ሲተክል ቆይቷል። በሞንትጎመሪ ካውንቲም በዋሽንግተን ዲሲም 311 ደውላችሁ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን የአላርም አገልግሎት ጠይቁ። አፋችሁ በእንግሊዝኛ ካልፈታ ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚል አባባል ያወረሱን ሰዎች ልጆች ነን። ስለዚህ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጫማችሁን ከማውለቃችሁ በፊት ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ፌስታል ካለ አውልቁ። ባትሪ ከሌለ ግዙ። ጀርባው ላይ ያለውን ዓመት አንብቡ። ቁልፉን ተጫኑና ይጩህ። ነገ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ቤት ሄዳችሁ እንዲሁ አድርጉላቸው፤ ቡናም ሳያፈሉላችሁ አይቀሩም።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አላርሙ ከፍ ብሎበት መሰላል የሌለው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ላሉት ወጣቶች ስሙን ያስመዝግብ፤ ቅዳሜ መሰላል ይዘን እንመጣለን።